ወዛም ፊትና የኮሪያው ክሬም

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ይቆይና ይቀንሳል)

 

አቅራቢ፦ ዛሬ ስለ ፊት ቆዳ እናወራለን፤ በተለይ ስለ ወዛም ፊት። ጠዋት ታጥባችሁ ወጥታችሁ ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግንባራችሁና አፍንጫችሁ ይወዛል? ያም ሆኖ ጉንጫችሁ ያሳክካል? ሳሙና ሲነካው ያቃጥላል? ደረቅ ነው እንዳይባል ያብረቀርቃል፤ ወዛም ነው እንዳይባል ደግሞ ይላጣል? እንግዲያው የዛሬው ዝግጅት የእናንተ ነው።

(የመርካቶ ድምፅ፦ የመኪና ጡሩምባ፣ የተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» የሚል ጥሪ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ የሰማችሁት የመርካቶ ድምፅ ነው። ጥያቄውም የመጣልን ከዚያው ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነው። አንዲት አድማጫችን መርካቶ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። ፊቷ ወዛም ነው፤ ብጉር ያወጣል፤ ቶሎም ይቆጣል። አብራት የምትሠራው ልጅ የኮሪያ ክሬም መቀባት ጀምራ ፊቷ ሲረጋጋ አየች። እሷም ልትገዛ ፈለገች፤ ግን ፈራች። ጥያቄዋ አጭር ነው፦ «ፊቴ ራሱ ወዝ በወዝ ሆኖ፣ በላዩ ክሬም ልጨምርበት?»

እናንተስ ምን ትሏታላችሁ? ብዙ ሰው «ኧረ ተይ፣ ይብስብሻል» ይላት ይሆናል። እኔ ግን መልሱ «አዎ» ሊሆን ይችላል ብዬ ልጀምር። ሆኖም የትኛው ክሬም ነው፣ ከየት ተገዛ፣ እንዴት ተሞከረ የሚለው ነገር ከክሬሙ አገር ይበልጣል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ በቅድሚያ ሁለት ነገር እንለይ። ወዝ ሌላ ነው፤ ውሃ ሌላ ነው።

ወዝ ቆዳ ውስጥ ካሉ ጥቃቅን ዕጢዎች የሚወጣ ቅባት ነው። መጠኑን በአብዛኛው የሚወስነው ሆርሞን ነው። በጉርምስና ዕድሜ የሚበዛው ለዚህ ነው፤ ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው ሊመጣ ሲል ፊታቸው የሚወዛውም ለዚሁ ነው። ውሃ ደግሞ ቆዳው ውስጥ የተያዘው እርጥበት ነው። ስለዚህ ላዩ በወዝ እያብረቀረቀ ውስጡ ውሃ የተጠማ ቆዳ ይኖራል። እደግመዋለሁ፦ ላዩ ወዛም፣ ውስጡ የተጠማ ቆዳ አለ።

ይህ እንዴት ይሆናል? የቆዳችን የላይኛው ንብርብር እንደ ጭቃ ቤት ግድግዳ ነው። ልስኑ ደህና ከሆነ ነፋስም ዝናብም አያስገባም፤ ልስኑ ከተሰነጠቀ ግን ሁሉም ይገባል። የቆዳ ልስን የሚባሉት በሴሎቹ መካከል ያሉ ቅባቶች ናቸው። ከእነሱም ዋነኞቹ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና የቅባት አሲዶች ናቸው። እነዚህ ሲታጠቡና ሲፋቁ ውሃው ይተናል፤ አቧራውም፣ ሳሙናውም፣ ሽቶውም ወደ ውስጥ ዘልቆ ይቆጠቁጣል። ያን ጊዜ ነው ፊት «ተቆጣ» የምንለው።

አሁን መርካቶ በር ላይ ቆማ የምትውለውን ልጅ አስቧት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐይዋ የምታደርገው አይታወቀንም፤ ቆዳችን ግን ያውቀዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ደረቅ ነፋስ አለ። አቧራው፣ የመኪናው ጭስ፣ በበርበሬ በረንዳ በኩል ያለፈ ሰው ዓይኑንና ፊቱን የሚቆጠቁጠው የበርበሬ ብናኝ፤ ሁሉም እዚያች ልጅ ጉንጭ ላይ ያርፋል።

ማታ ቤቷ ስትገባስ ምን ታደርጋለች? ወዙ እንዲለቅ ብላ በልብስ ሳሙና ትታጠባለች። ጤናማ የፊት ቆዳ ትንሽ ወደ አሲድነት ያደላ ነው፤ ደረቅ ሳሙና ግን አልካሊ ነው፤ ልስኑን ይዞት ይሄዳል። ወዝ የሚያመነጨውን ዕጢ ግን ሳሙና አይዘጋውም። ስለዚህ ወዙ ይመለሳል፤ እርጥበቱ ግን አይመለስም። እሷም እንደገና ትታጠባለች።

አንዳንዶቻችን በዚህ ላይ ሎሚ እንቀባለን። ሎሚ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው እስከ ውኃ መቋጠር የሚያደርስ ቃጠሎ ሊያመጣ ይችላል። የጥርስ ሳሙና ብጉር ላይ የሚያደርጉም አሉ። እባካችሁ፣ ሁለቱንም ተዉ። ፊታችሁ ምንም አላጠፋም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ወደ ክሬሙ እንምጣ። ለምን ኮሪያ?

እኛና ኮሪያ የተዋወቅነው በክሬም አይደለም። የአገራችን ጦር ቃኘው ሻለቃ ወደዚያ የዘመተው በ1943 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ «ኮሪያ ሆስፒታል» ስንል ሁላችንም የቱ እንደሆነ እናውቃለን። የኮሪያ ድራማ እያዩ ያደጉ ልጆች የተዋናዮቹን ፊት አይተው «ምን ቢቀቡ ነው?» ይላሉ። ስለዚህ ሳጥን ላይ «ኮሪያ» የሚል ሲያዩ ልባቸው ይረጋጋል። ለአገሩ ያለን ፍቅር ግን በእጃችን ለያዝነው ሳጥን ዋስትና አይሆንም።

እውነቱን እንናገር ካልን፣ ለሚቆጣ ቆዳ ተብለው የሚሠሩት የኮሪያ ክሬሞች ብዙዎቹ በጥሩ ሐሳብ የተቀመሙ ናቸው። ቀለል ያሉ ናቸው፤ እንደ ቫዝሊን ፊት ላይ አይከብዱም። ዋና ዋና ቅመሞቻቸውን በስማቸው እንወቃቸው፤ ሳጥን ላይ ስታዩ እንድትለዩአቸው።

አንደኛው ሴንቴላ አሲያቲካ ነው። በእስያና በማዳጋስካር እርጥብ መሬት ላይ የሚበቅል፣ ክብ ቅጠል ያለው፣ መሬት ላይ የሚሳብ ተክል ነው። ለቁስል ማዳኛነት ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። ገበያ ላይ «ሲካ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክሬም ብዙውን ጊዜ ይህ ያለበት ነው። ሥራው መቅላትንና መቆጣትን ማብረድ ነው።

ሁለተኛው ፓንቴኖል ነው፤ ከቫይታሚን ቢ5 ወገን ነው፤ እርጥበት ይይዛል፣ የተላጠውን ያረጋጋል። ሴራማይድን ቀደም ብለን አንስተነዋል፤ የልስኑ አካል ነው። ግሊሰሪንና ሃያሉሮኒክ አሲድ ውሃ ይይዛሉ። ናያሲናማይድ የሚባለው የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት ደግሞ ወዝን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ብጉር ትቶት የሚሄደውን ጥቁር ምልክትም ቀስ በቀስ ያደበዝዛል። ነገር ግን መጠኑ ሲበዛ የተቆጣን ፊት ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ለጀማሪ አነስ ያለው ይሻላል።

አሁን ልጠይቃችሁ። የኮሪያውን ክሬም መግዛት ባትችሉስ? ቅር አይበላችሁ። ፓንቴኖልም ግሊሰሪንም የኮሪያ ብቻ አይደሉም። ፋርማሲ ገብታችሁ «ሽቶ የሌለው፣ ለወዛም ፊት የሚሆን፣ ቀለል ያለ የእርጥበት ክሬም» ብትሉ ተመሳሳይ ነገር በቀነሰ ዋጋ ልታገኙ ትችላላችሁ።

አንዲት ማስታወሻ ጨምሬ ልለፍ። ከኮሪያ ምርቶች መካከል የቀንድ አውጣ ዝልግልግ የሚገባባቸው አሉ። በሃይማኖቱ ወይም በልማዱ ምክንያት ይህን የማይፈልግ አድማጭ ይኖረናል፤ ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ።

(የገበያ ድምፅ በቀስታ፤ ከአቅራቢው ድምፅ በታች ይቆያል)

አቅራቢ፦ ለዚህ ዝግጅት ብለን ከባልደረባዬ ጋር መርካቶ ውስጥ አንድ የውበት ዕቃ ሱቅ ገብተን ነበር። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ በሎሽንና በሽቶ ተሞልቷል። ሻጯ ወጣት ናት፤ «ምን ልስጥሽ እህቴ? ለደረቅ ነው ለወዛም?» አለችኝ። «ለወዛም፣ ቶሎ ለሚቆጣ» አልኳት። ሦስት ነገር ባንኮኒው ላይ ደረደረችልኝ።

አንደኛው ሳጥኑ በቀጭን ላስቲክ የታሸገ የኮሪያ ክሬም ነው። ሁለተኛው ሳጥን የሌለው ቱቦ ነው፤ የኮሪያ ፊደል አለበት። ሦስተኛው አውራ ጣት የሚያህል ብልቃጥ ነው፤ ክዳኑ ነጭ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም። «ይቺ ቅልቅል ናት፤ እኛው ነን የምናዘጋጃት፤ ቶሎ ነው የምታጠራው» አለችኝ። ልጅቷ ልትጎዳኝ ፈልጋ አይደለም፤ ደንበኞቿ የሚወዱትን ነው ያሳየችኝ። አሁን ስለ ሦስቱም እንነጋገር።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ሳጥኑን አንሥታችሁ አዙሩት። ጀርባው ላይ በውስጡ ያለው ሁሉ በዝርዝር ተጽፏል? በኮሪያ ሕግ የውበት ምርት ውስጡ ያለውን እንዲዘረዝር ይገደዳል። ከትንንሾቹ የሳምፕል ሳሼዎች በቀር ዝርዝር የሌለው ሳጥን ካጋጠማችሁ መልሱት። ዝርዝሩ ውስጥ ሽቶ፣ ሜንቶል ወይም የሎሚና የብርቱካን ዘይት ካለ፣ ለሚቆጣ ፊት አይመከርም።

ቀጥሎ ቀኑን ተመልከቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮሪያዎች መጀመሪያ ዓመቱን፣ ቀጥሎ ወሩን፣ በመጨረሻ ቀኑን ነው የሚጽፉት። ዓመቱም የፈረንጅ ነው። ለምሳሌ 2027፣ ከዚያ 03፣ ከዚያ 15 የሚል ካያችሁ፣ በእኛ መጋቢት 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ማለት ነው። ሌላም አለ፦ ያ ቀን የተመረተበትም ሊሆን ይችላል፣ የሚያበቃበትም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው አጠገቡ ያለው የኮሪያ ጽሑፍ ነው። በስልካችሁ ካሜራ አስተርጉሙት፤ ወይም ሻጩን «ይሄ የተመረተበት ነው የሚያልቅበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሊመልስ ካልቻለ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ከዚያ ሳጥኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥርና ቱቦው ላይ ያለው አንድ መሆኑን አመሳክሩ። ፎርጅድ የሚሠሩ ሰዎች ሳጥኑን አሳምረው ይህን ይረሱታል። ክዳኑን ስትከፍቱ ከሥሩ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፈው ስስ ወረቀት ያልተነካ መሆን አለበት። ክሬሙም ፀሐይ በሚመታው መስታወት ውስጥ የከረመ አይሁን፤ ሙቀት ያበላሸዋል።

ሳጥን የሌለውን ቱቦ በተመለከተ ብዙ አልናገርም። ከውጭ የመጣ ዘመድ አምጥቶት ይሆናል፤ ከዱባይ በሻንጣ ገብቶ ይሆናል። ቀኑና ዝርዝሩ ቱቦው ላይ ካለ፣ አፉም ካልተከፈተ ልታስቡበት ትችላላችሁ፤ ከሌለ ተዉት።

(የገበያው ድምፅ ይቆማል፤ ጸጥታ)

አቅራቢ፦ አሁን ስለ ሦስተኛው ብልቃጥ ልንገራችሁ። እባካችሁ፣ ሥራችሁን ለአፍታ ገታ አድርጋችሁ አዳምጡኝ።

ጽሑፍ የሌላት ብልቃጥ ውስጥ ምን እንዳለ የሚገዛት ሰው አያውቅም። ነገር ግን እንዲህ ባሉ ክሬሞች ውስጥ የቆዳ ሐኪሞች በየጊዜው የሚያገኟቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ስቴሮይድ ነው። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉት መድኃኒቶች በዚህ ወገን ናቸው። መድኃኒትነታቸው እውነት ነው፤ ሐኪም ለተወሰነ በሽታ፣ ለተወሰነ ጊዜ ያዛቸዋል። ፊት ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቀቡ ግን ምን ይሆናል? በጥቂት ቀናት ውስጥ መቅላቱ ይጠፋል፣ ማሳከኩ ይቆማል፣ ፊት ፈካ ብሎ ያምራል። ሰው ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» ይላል። ከሳምንታት በኋላ ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል። ቀጫጭን የደም ሥሮች መታየት ይጀምራሉ። ፊት ላይ ፀጉር ይበቅላል። መጠናቸው እኩል የሆነ ጥቃቅን ብጉር ይወጣል። ልተወው ሲሉ ደግሞ ፊት እሳት ይሆናል፤ ስለዚህ ተመልሰው ይቀቡታል። ብዙ እህቶቻችን ዓመታትን በዚህ አዙሪት ውስጥ ያሳልፋሉ።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ቆዳን ያቀላል፤ ሐኪም ሳይቆጣጠረው ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ግን ጉንጭና ግንባር ላይ በቀላሉ የማይለቅ ጥቁር ሰማያዊ ጥላ ሊያመጣ ይችላል። ደቡብ አፍሪካ ብዙ ሰው ከተጎዳባት በኋላ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 ከውበት ምርቶች ውስጥ ከልክላዋለች።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። ይህኛው በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በእርግዝና ጊዜ ለፅንሱም ያሰጋል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ቀላል ምልክት ነግሮናል፦ ክሬሙ ላይ «ከወርቅ፣ ከብርና ከጌጣጌጥ አታነካኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ፣ ውስጡ ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ጣታችሁ ላይ የወርቅ ቀለበት ያላችሁ እናቶች፣ ይህን ያዙልኝ።

ሰው ለምን ወደዚህ ይገባል? ሁልጊዜ ነጭ ልሁን ብሎ አይደለም። በእኛ ዓይነት ጠይም ቆዳ ላይ ብጉር ሲድን ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱም ለወራት ይቆያል። ልጅቷ ያንን ምልክት ለማጥፋት ነው ክሬም ፍለጋ የምትወጣው፤ «ቶሎ የሚያጠራ» ይሰጧታል። ምልክቱ ግን ጊዜ ከተሰጠውና ከፀሐይ ከተጠበቀ ራሱ ይደበዝዛል። የብጉር ምልክት ነውር አይደለም። ጠይም መሆንም የሚታከም ነገር አይደለም።

ስለዚህ የዛሬውን ዋና ቁም ነገር ልንገራችሁ፣ ሁለት ጊዜ እለዋለሁ። ቆዳን የሚያረጋጋ እውነተኛ ክሬም ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። በሦስት ቀን ፊት የሚያጠራና የሚያቀላ ክሬም ካገኛችሁ ጠርጥሩ። ደግሜ፦ በሦስት ቀን የሚያቀላ ክሬም ካገኛችሁ፣ የኮሪያም ይባል የፈረንሳይ፣ ጠርጥሩ።

አገራችን ውስጥ የውበት መጠበቂያ ምርቶችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ሥልጣኑን ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። አጠራጣሪ ክሬም ካያችሁ በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ትችላላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እንግዲህ ትክክለኛውን ክሬም ገዝታችሁ ቤት ገባችሁ እንበል። ዛሬ ማታ ሙሉ ፊታችሁን ልትቀቡ ነው? አይሆንም።

መጀመሪያ ፊታችሁን አሳርፉት። ለአንድ ሁለት ሳምንት ስክራቡን፣ ሎሚውን፣ ቶነሩን፣ ሴረሙን ሁሉ አቁሙ። ማታ ማታ ለስላሳ በሆነ የፊት መታጠቢያ፣ ጠዋት ጠዋት በውሃ ብቻ ታጠቡ። ፎጣ አትፈትጉበት፤ ነካ ነካ እያደረጋችሁ ብቻ አድርቁት።

ፊታችሁ እያረፈ ሳለ ክሬሙን ከመንጋጋችሁ ሥር ወይም ከክንዳችሁ መታጠፊያ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቦታ ብቻ ተቀቡ። ጠዋትና ማታ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል፣ ያንኑ ቦታ። አሳከከ? ቀላ? አበጠ? ከሆነ ክሬሙ የእናንተ አይደለም። ምንም ካልሆነ ወደ ፊት እንሻገራለን።

አሁን አንድ ጥሩ ዘዴ ላሳያችሁ። ክሬሙን ግማሽ ፊታችሁን ብቻ ተቀቡ። ቀኝ ጉንጭ ይቀባ፤ ግራ ጉንጭ አይቀባ። የቀረው ነገር ሁሉ ለሁለቱም እኩል ይሁን። ከሳምንት በኋላ ጠዋት መስኮት አጠገብ ቆማችሁ ሁለቱን አስተያዩ። የትኛው ይላጣል? የትኛው ያሳክካል? የትኛው ላይ አዲስ ብጉር ወጣ? ጓደኛችሁ ላይ የሠራው እናንተ ላይ መሥራቱን የሚነግራችሁ የገዛ ፊታችሁ ነው፤ ማስታወቂያው አይደለም።

ስንት ትቀባላችሁ? ለሙሉ ፊት የአንድ ሽምብራ ፍሬ ያህል ይበቃል። ከታጠባችሁ በኋላ ፊታችሁ ገና ርጥብ እያለ፣ በጣታችሁ ጫፍ ሳትፈትጉ። እኔ መርካቶ ያየሁት ክሬም ጣት ላይ ሲወጣ እርጎ የመሰለ ነው፤ እጄ ላይ ስቀባው ጥቂት አብረቅርቆ ጠፋ፤ ሲነኩት ለስላሳ ነው እንጂ አያጣብቅም። ለወዛም ፊት የሚሆነው ክሬም እንዲህ ያለው ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላም ፊታችሁ ላይ እንደ ቅቤ ከተቀመጠ፣ ለደረቅ ቆዳ የተሠራ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተሰነጠቀ ቆዳ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሊቆጠቁጥ ይችላል፤ አትደንግጡ። እየቆየ የሚብስ ማቃጠል፣ የዓይን ማበጥ ወይም ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ካመጣ ግን ወዲያው በውሃ ታጠቡት፤ ደግማችሁ አትቀቡት።

ለመፍረድም አትቸኩሉ። ማሳከክና መላጥ በአንድ ሁለት ሳምንት ሊቀንስ ይችላል፤ ብጉር ግን ለመለወጥ ወር ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ክሬሙ ወዛችሁን አያጠፋውም፤ ሆርሞናችሁ ላይ ሥልጣን የለውም። የሚያደርገው ልስኑን መጠገን ነው። ሲጠገን ፊት መቆጣቱን ይቀንሳል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀን ቀን ፀሐይ ላይ ለምትውሉ፣ ሰን ስክሪን ከክሬሙ እኩል ያስፈልጋችኋል። አቅም ካልፈቀደ ጃንጥላ፣ ባርኔጣና ነጠላ አለ፤ እነሱም ይሠራሉ።

ክሬሙን ከጓደኛ ጋር የምትካፈሉ ደግሞ ጣታችሁን አትንከሩበት፤ ንጹሕ ትንሽ ማንኪያ ይበቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ወደ ሐኪም መሄድ ያለብን መቼ ነው? ብጉሩ ትልቅና ሕመም ያለው ከሆነ፣ ጠባሳ እየተወ ከሆነ፣ ፊታችሁ በወራት ውስጥ ካልተረጋጋ ሂዱ። ሁሉ ብጉር መሳይም ብጉር አይደለም፤ በፈንገስ የሚመጣ፣ ግንባርና ደረት ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ አለ፤ ሕክምናው ሌላ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ «የሚያቀላ» ወይም «ቅልቅል» ክሬም ለረጅም ጊዜ ተቀብታችሁ ከሆነ ሂዱ፤ ብልቃጡንም ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ አትደብቁት። ከስቴሮይድ መላቀቅ በሐኪም ምክር ሲሆን ሥቃዩ ይቀንሳል።

ከመርካቶ ታክሲ ይዛችሁ ዘነበወርቅ ብትወርዱ አለርት ሆስፒታል አለ። በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ሥራው የሥጋ ደዌ ሕክምና ነበር፤ ዛሬ ለቆዳ ሕመም ሁሉ የሚታወቅ ነው። በስሙ ምክንያት እዚያ መሄድ የሚያፍሩ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ አትፈሩ። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ብጉርም፣ ማዲያትም፣ የክሬም ጉዳትም ያያሉ። ወሎ ያላችሁ አድማጮቻችን ደግሞ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለላችሁ።

ሰዓታችን ሊያልቅ ነው፤ ሁለት ጥያቄ በፍጥነት ልመልስ። «ወንድ ነኝ፣ ፂሜን ስላጭ አንገቴ ይቆጣል፤ ይህ ክሬም ይሆነኛል?» ላለን ወንድማችን፦ ሽቶ የሌለው ከሆነ ይሆንሃል። ከተላጨህ በኋላ አልኮል ከምታርከፈክፍበት እሱን ቀባው፤ ምላጩንም ወደ ፀጉሩ አቅጣጫ አስኪደው።

«ነፍሰ ጡር ነኝ» ላለችን እህታችን፦ ፓንቴኖል፣ ግሊሰሪንና ሴራማይድ ያለበት ቀላል ክሬም በአብዛኛው አያሳስብም። ሬቲኖል የሚል ያለበትን ግን አሁን ተዪው፤ ሃይድሮኪኖንም እንደዚሁ። ለክትትል ስትሄጂ ሳጥኑን ቦርሳሽ ውስጥ ያዢና ለሐኪምሽ ወይም ለአዋላጅ ነርሷ አሳዪ።

በሚቀጥለው ሳምንት ፀጉር ላይ የሚቀባ ቅቤና የግንባር ብጉር ምን እንደሚያገናኛቸው እናያለን። ከሻሻችሁ ሥር ቅቤ ይዛችሁ የምታድሩ፣ ጥያቄያችሁን ከወዲሁ ላኩልን። ደህና ሁኑ።

(መዝጊያ ሙዚቃ)